ማየትና መታየት



ሌላውን ከመተቸት በፊት የራስን ጥፋት ማስቀደም ተገቢ ነውና የዛሬውን ጽሑፌን የምጀምረው ከራሴ ቤት ነው።

አንድ ማታ ከመግሪብ በኋላ እራት እስኪቀርብ ስልኬን እየነካካሁ ሳለ አንዲት አጭር የቲክቶክ ቪዲዮ መጣችልኝ። አንድ ወጣት መምህር የፈተና ወረቀቶችን ከፊቱ ከምሮ የተማሪዎቹን መልስ ያነባል። ጥያቄው «ውኃን ለመጠጥ ንጹሕ የምናደርግባቸውን ሁለት መንገዶች ጻፉ» የሚል ነው። አንዷ ተማሪ «1ኛ፣ በነጠላ ማጥለል። 2ኛ፣ አያቴ ቀድማ እስክትጠጣው መጠበቅ» ብላ መልሳለች። መምህሩ ወረቀቱን ወደ ካሜራው አስጠግቶ፣ «አያቷን የላቦራቶሪ መሣሪያ አደረገቻት እኮ!» አለና ከት ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ። ስቄም አልቀረሁም፤ ወንድሞቼና እህቶቼ ከነልጆቻቸው ወዳሉበት የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላክሁት። ጅዳ ያለችው እህቴ ሳትቀር ወዲያው የሳቅ ምልክት መለሰችልኝ።

የ12 ዓመቷ ልጄ ሳህን ይዛ ስትገባ «ምን አሳቀህ አባ?» አለችኝ። ስልኩን ዘርግቼ አሳየኋት። አልሳቀችም። እስከ መጨረሻው አይታ ሳህኑን አስቀመጠችና ቀስ ብላ «የኔ ጽሕፈት ነው» አለች።

ወረቀቱን ደግሜ አየሁት። መስመሩን ወደ ላይ እያዘነበለች የምትጽፈው የእርሷው አጻጻፍ ነው። «አያቴ» ያለቻትም ሌላ ሰው አይደለችም፤ የኔው እናት ናት። እናቴ የምትኖረው ወሎ ገጠር ነው። ክረምት ሲሆን ልጆቼን ይዤ ስሄድ፣ ከምንጭ የተቀዳውን ውኃ በነጠላዋ ታጠልለዋለች፤ መጀመሪያም ራሷ ትጠጣለች። ጥቂት ቆይታ ነው ለልጆቹ የምትሰጠው። እኔም ያደግሁት እንዲሁ ነው። እንግዲህ በማን እንደሳቅሁ አስቡት።

«አባ፣ አንተም ሳቅክ?» አለችኝ። የምመልስላት ነገር አልነበረኝም።

ይህ ሲሆን መምህሩን በአካል አይቼው አላውቅም ነበር። ልጄ ግን በጣም ትወደው ነበር። ማታ ማታ ስልኬን የምትለምነኝ የእርሱን ቪዲዮ ለማየት ነው። በአራት ሎሚ፣ በመዳብ ሽቦና በዚንክ በተለበጠ ሚስማር ትንሽ መብራት ሲያበራ ያየች ቀን፣ ወጥ ቤት ያለውን ሎሚ ሁሉ ወስዳ እናቷን አስቆጥታለች። ሳይንስን የወደደችው በእርሱ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። እርሷ ስታይ ግን እኔ አብሬያት አላይም፤ ስልኩን ሰጥቼ ዜናዬን አዳምጣለሁ። የመድረኩ ደንብ ራሱ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ የራሱ ገጽ እንዲኖረው አይፈቅድም። እኔ በራሴ ስልክ ፈቀድሁላት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እጇን ማውጣት ተወች። የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ ነገር ግን ከመጽሐፉ ቃል በቃል የተቀዳ ዐረፍተ ነገር ብቻ ትጽፍ ጀመር። ከራሷ አእምሮ የወጣ አንድ ቃል እንኳ ለመጻፍ ፈራች።

ታዲያ አንድ መምህር በማኅበራዊ መገናኛ ገጹ ተማሪን ሲያተጋም ሲያሰንፍም ካየን፣ የሚያተጋው ምኑ ነው? የሚያሰንፈውስ? ይህን ጥያቄ አብረን እንመርምረው።

ጥናቱ ያለውና ያላለው

ነገሩን በማስተማር ሙያ ላይ ለሚገኝ አንድ ወዳጄ ባጫውተው፣ «አንተ በአንድ ቪዲዮ ተቆጥተህ ነው እንጂ መምህር በገጹ ራሱን ሲገልጥ ተማሪ እንደሚነቃቃ በጥናት ተረጋግጧል» አለኝ። እውነት ነው፤ እንዲህ የሚመስል ጥናት አለ። በዚህ ጉዳይ ላይ በብዛት ከሚጠቀሱት አንዱ ጆሴፍ ሜዘር፣ ሪቻርድ መርፊና ሼሪ ሲሞንድስ የተባሉ አሜሪካውያን በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። ተመራማሪዎቹ የአንድ መምህር የፌስቡክ ገጽ በሦስት መልክ አዘጋጁ። በአንደኛው ስለ መምህሩ ብዙ ነገር ይታያል፤ በሁለተኛው መጠነኛ ነገር፤ በሦስተኛው ጥቂት ብቻ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ከፋፍለው አሳዩአቸው። ብዙ የተገለጠበትን ገጽ ያዩት ተማሪዎች፣ ከዚህ መምህር ዘንድ ቢማሩ ይበልጥ እንደሚነቃቁ፣ ትምህርቱን እንደሚወዱና የክፍሉም መንፈስ የተሻለ እንደሚሆን እንደጠበቁ ገለጹ። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሌላ ጥናትም፣ ራሱን በብዛት የገለጠው መምህር በተማሪዎቹ ዓይን ይበልጥ የሚታመን ሆኖ ተገኝቷል።

ጥናቱን አላጣጥልም። በልጄም ላይ ያየሁት መጀመሪያ ይኸው ነበርና። የሎሚው መብራት ያነቃቃት እውነት ነው። ነገር ግን «ተረጋግጧል» ብለን ከመደምደማችን በፊት ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባናል።

አንደኛ፣ ተማሪዎቹ የገለጹት የጠበቁትን እንጂ የሆነውን አይደለም። ከዚያ መምህር ዘንድ ተቀምጠው አልተማሩም፤ አልተፈተኑም፤ አልተገሠጹም። ገጹን አይተው ተስፋ አደረጉ። ተስፋ የትምህርት መጀመሪያ ሊሆን ይችላል፤ ትምህርት ግን አይደለም። ሰርግ ቤት የተሰማ የወጥ ሽታ ምሳ እንዳልሆነ ሁሉ።

ሁለተኛ፣ ጊዜውና ሰዎቹ ሌላ ናቸው። ፌስቡክ ከተማሪዎች ክበብ ወጥቶ ለሁሉም ሰው የተከፈተው በመስከረም 2006 እ.ኤ.አ. ነበር። ያየው ሰው በአብዛኛው የመምህሩን ገጽ ፈልጎ የመጣ ነው። ዛሬ ቪዲዮውን ለማን እንደሚያሳይ የሚወስነው መድረኩ ራሱ ነው። መድረኩም የሚመርጠው ሰዎች ቆም ብለው የሚያዩትን፣ የሚስቁበትንና የሚቀባበሉትን ነው። ደግሞም የጥናቱ ተማሪዎች ለአካለ መጠን የደረሱ ናቸው፤ የ12 ዓመት ሕፃናት አይደሉም።

ሦስተኛውና ዋናው፣ በዚያ ጥናት ውስጥ መምህሩ የገለጠው ራሱን ነው። የራሱን ፎቶግራፍ፣ የራሱን ታሪክ፣ የራሱን ወዳጆች። የተማሪውን ስሕተት አልገለጠም። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ስም፣ «የመምህሩ ገጽ» ተብለው ስለሚጠሩ አንድ ይመስሉናል። ነገር ግን እጅግ የተለያዩ ናቸው።

ተመራማሪዎቹ ራሳቸውም መምህሩ በገጹ ላይ የሚታይበት መልክ በክፍል ውስጥ ካለው መልኩ ጋር እንዲስማማ አሳስበዋል። በገጹ ላይ ሲጫወት የሚውል መምህር ክፍል ውስጥ ሲገባ ፊቱን ቢያኮሳትር ተማሪው ግራ ይጋባል። ማሳሰቢያው ትክክል ነው። እኔ ግን አንድ ነገር እጨምርበታለሁ፤ ተማሪን በዘላቂነት የሚያተጋው መምህሩን ማየቱ ሳይሆን በመምህሩ መታየቱ ነው።

ድሮ ዝና በማን አፍ ይሄድ ነበር?

የመምህር ዝና አዲስ ነገር አይደለም። በወሎ ዳና፣ ገታና ሌሎችም የዒልም ቦታዎች ስማቸው ሩቅ አገር ይሰማ ነበር። ደረሳው ስንቁን ቋጥሮ፣ ለነሕው አንዱን ሸኽ፣ ለፊቅህ ሌላውን ሸኽ ፍለጋ ቀናት በእግሩ ይጓዝ ነበር። እንግዲያው ያን ጊዜም ተማሪ መምህሩን ሳያየው ስለ መምህሩ በሰማው ይነሳሳ ነበር ማለት ነው።

ልዩነቱ የዝናው ተሸካሚ ማን ነው በሚለው ላይ ነው። የሸኹን ስም ይዞ የሚዞረው ከእርሳቸው ዘንድ የቀራ ደረሳ ነው። ዓመታት አብሯቸው ቆይቶ፣ ኪታቡን ጨርሶ፣ ዝናብና ረኀብ አሳልፎ የመጣ ሰው ነው «እሳቸው ዘንድ ሂድ» የሚለው። የሸኹ ገጽ ደረሳው ነበር። ደረሳው ደካማ ከሆነ ዝናው ከሰፈር አያልፍም። ዛሬ ግን የመምህሩን ዝና የሚሸከመው የተማረበት ሳይሆን የተመለከተው ሰው ነው። አንድ መቶ ሺህ ተከታይ ያለው መምህር ከእነዚያ መካከል አንዱን እንኳ አስተምሮ ላያውቅ ይችላል።

ቀደምት ዑለሞቻችን የመምህርና የተማሪን አዳብ በሰፊው ጽፈውበታል። በ505 ዓመተ ሒጅራ (1111 እ.ኤ.አ.) ያለፉት ኢማም አል-ገዛሊ በ«ኢሕያእ» ኪታባቸው የዒልም ክፍል ውስጥ የመምህርን ግዴታዎች ሲዘረዝሩ፣ መምህር ለተማሪዎቹ እንደ ወላጅ መራራትን ያስቀድማሉ። ተማሪ ሲሳሳትም በግልጽ ከማሳፈር ይልቅ በጥቆማ፣ ከወቀሳም ይልቅ በእዝነት እንዲመለስ ይመክራሉ። በ733 ዓመተ ሒጅራ (1333 እ.ኤ.አ.) ያለፉት በድሩዲን ኢብኑ ጀማዓም ስለ መምህራን አዳብ በጻፉት ኪታብ ውስጥ፣ መምህር ከትምህርት ስለቀረ ተማሪ እንዲጠይቅ፣ ካስፈለገም ቤቱ ድረስ እንዲሄድ ያሳስባሉ።

ልብ በሉ! ሁለቱም የሚናገሩት መምህሩ ለተማሪው እንዴት እንደሚታይ ብቻ አይደለም፤ ተማሪውን እንዴት እንደሚያይ ነው። የቀረው ማን ነው? የተሳሳተው ለምን ተሳሳተ? ስሕተቱን ሳላሳፍር እንዴት ልመልሰው?

ይህን ስጽፍ ጣቴን ወደ ዓለማዊው ትምህርት ቤት ብቻ የምቀስር እንዳይመስላችሁ። በመድረሳዎቻችንም ሕፃናት ቁርአን ሲቀሩ የሚኮላተፉበትንና የሚሳሳቱበትን ቀርጸው የሚለቁ ኡስታዞች አሉ። እኛም «ማሻአላህ» ብለን፣ ሳቅ አክለን እናሰራጫለን። ሕፃኑ ዛሬ አይገባውም፤ ነገ አድጎ ሲያየው ግን ይገባዋል።

ፊት የሌለው ገጽ

እንግዲህ ስልክን ሁሉ እናውግዝ ማለቴ ነውን? አይደለም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በአገራችን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን መድረሳዎችም ተዘጉ። ታላቁ ልጄ ያኔ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። የሚያቀሩት ኡስታዝ በዕድሜ የገፉ፣ ከስልክ ጋር ብዙም የማይግባቡ ሰው ናቸው። በልጃቸው እርዳታ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱ። በግሩፑ ውስጥ ፎቶግራፋቸው የለም። ቪዲዮም አልለቀቁም። ያደረጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ የዕለቱን ቂርአት በድምፅ ቀድቶ ለብቻው ይልክላቸዋል፤ እሳቸውም ለእያንዳንዱ በድምፅ ይመልሳሉ። «እዚህ ላይ መዱን አሳጠርከው፤ ድገመው።» «ይህች ‹ሐ› ከጉሮሮ ትውጣ።» «ዛሬ ደክሞሃል መሰለኝ፤ ነገ እንቀጥል።»

ልጄ ያችን የግማሽ ደቂቃ ድምፅ እንዴት ይጠብቃት እንደነበር አልረሳውም። ከሱብሒ በኋላ ተነስቶ «ኡስታዝ መለሱ?» ይላል። ሁለት ቀን ታሞ ሳይልክ ቢቀር ኡስታዙ ወደኔ ደወሉ። «ልጄን አጣሁት፤ ደኅና ነው ወይ?» አሉኝ። ኢብኑ ጀማዓ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የጻፉትን አዳብ እኚህ ሰው በቴሌግራም ፈጸሙት።

የእህቱ መምህር በቪዲዮ ለሺዎች ይታያል፤ ኡስታዙ ለማንም አልታዩም። ነገር ግን ኡስታዙ 14 ልጆችን አንድ በአንድ ይሰሙ ነበር። ልጄ ዛሬም ድረስ ቂርአቱን አልተወም። የተከታይ ብዛት፣ የምስል ጥራት፣ የሚያምር ድምፅ ማጉያ አልነበረም፤ አንድ ሰው እየሰማኝ ነው የሚል እርግጠኝነት ብቻ ነበር። ስለዚህ ክፋቱም ደግነቱም ከመሣሪያው አይደለም። መሣሪያው ወዴት ዞሯል? ወደ ተመልካቹ ወይስ ወደ ተማሪው?

መምህሩም ሰው ነው

ከዚያ ማታ በኋላ በሦስተኛው ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድሁ። ተቆጥቼ ነበር የሄድሁት። የጠበቀኝ ግን ቀጭን፣ ትሑት፣ ከታላቁ ልጄ ብዙም የማይበልጥ የሚመስል ወጣት ነው። ጉዳዩን ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ስሟን ሸፍኜዋለሁ እኮ» አለኝ።

«የእጅ ጽሕፈቷን ግን አልሸፈኑትም» አልሁት።

ዝም አለ። ቆይቶ ደመወዙ ከቤት ኪራይ እንደማያልፍ፣ የሎሚውን ዓይነት ቪዲዮ ለመሥራት ከኪሱ እንደሚያወጣ፣ እነዚያን ግን ጥቂት ሰው እንደሚያያቸው፣ የተማሪ መልስ እያነበበ የሳቀበትን ቀን ግን ተመልካቹ እንደጎረፈ አጫወተኝ። «መጀመሪያ ለትምህርት ነበር የከፈትሁት፤ ሰዉ የሚፈልገው ሌላ ሆነ» አለኝ።

እንዲህ ሲለኝ ቁጣዬ ወደ ራሴ ዞረ። «ሰዉ» ያለው ማንን ነው? እኔን አይደለምን? የሎሚውን ቪዲዮ አንድም ቀን ከልጄ ጋር አላየሁም፤ ለማንም አልላክሁም። በእናቴ የተሳቀበትን ግን ለቤተሰቤ ሁሉ በተንሁት። መምህሩን ወደዚያ የገፋው የእኔ ጣት ነው።

መምህሩ ቪዲዮውን በዚያው ቅጽበት ከገጹ አጠፋ። እኔም ከቤተሰባችን ግሩፕ አጠፋሁ። ነገር ግን የእህቴ ልጅ ለጓደኞቿ፣ ጓደኞቿም ለሌሎች አስተላልፈውት ነበር። የተለቀቀ ነገር እንደማይሰበሰብ ያኔ ገባኝ።

የመምህራንን ገጽ በሕግ ለመገደብ የሞከሩ አገሮች አሉ። በአሜሪካ የሚዙሪ ግዛት በ2011 እ.ኤ.አ. መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር በማኅበራዊ መገናኛ ለብቻ መገናኘታቸውን የሚገድብ ሕግ አወጣ። መምህራኑ ሕጉ የመናገር መብታችንን ይነካል ብለው ከሰሱ፤ ዳኛው በዚያው ዓመት ሥራ ላይ እንዳይውል አገደው፤ ምክር ቤቱም ድንጋጌውን አንስቶ የትምህርት ወረዳዎች የየራሳቸውን መመሪያ እንዲያወጡ አደረገ። የኒውዮርክ ከተማ የትምህርት መሥሪያ ቤት ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መምህራን የሙያ ገጻቸውንና የግል ገጻቸውን እንዲለዩ መከረ። በእኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል።

ሕግና መመሪያ አስፈላጊ ናቸው። የሙያና የግል ገጽን መለየትም ብልህ ምክር ነው። ነገር ግን የእኛ መምህር ጥፋት የግል ሕይወቱን መግለጡ አልነበረም፤ በሙያ ገጹ ላይ፣ በሙያ ወረቀት ነው የሳቀው። ስለዚህ ደንቡ ከገጹ ዓይነት አልፎ መሄድ አለበት። ትምህርት ቤቶቻችንና መድረሳዎቻችን ቢያንስ ይህን አንድ ነገር ቢስማሙበት መልካም ነው፤ የተማሪ ወረቀት፣ ድምፅ፣ ፊትና ስሕተት ከክፍሉ አይወጣም። መምህሩ የፈለገውን ያህል ራሱን ይግለጥ። ልጁ ግን አማና ነው። አማና ደግሞ ለሰው አይታይም፤ ይጠበቃል።

ለመምህራንም አንድ ነገር ልበል። ያ መልስ ለመሳቂያ ሳይሆን ለትምህርት ቢውል ምን ያህል ቁም ነገር ይወጣው ነበር! ውኃን በጨርቅ ማጥለል የሚናቅ ነገር አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. እነ ሪታ ኮልዌል ባሳተሙት ጥናት፣ በባንግላዴሽ መንደሮች ያረጀ የሳሪ ጨርቅ ደራርበው ውኃቸውን ያጠለሉ ሰዎች ዘንድ ኮሌራ በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ጨርቁ የኮሌራው ተሕዋስያን ተጣብቀውባቸው የሚኖሩትን ጥቃቅን የውኃ ነፍሳት ስለሚያስቀር ነው። ማጥለል ብቻውን ጀርምን ሁሉ አያስወግድም፤ ማፍላት ያስፈልጋል። ነገር ግን መምህሩ «ይህን ከየት አመጣሽው?» ብሎ ቢጠይቃት ኖሮ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ከዚያ መልስ ይወጣ ነበር። ልጄ ግማሹን ታውቅ ነበርና።

እኛስ ወላጆች?

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በጥር 2015 ዓ.ም. ሲነገር፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሰምተን ሁላችንም ደንግጠናል። የደነገጠ ወላጅ ደግሞ ለልጁ ጎበዝ መምህር ይፈልጋል። ዛሬ ፍለጋውን የምንጀምረው ከስልካችን ነው። «ስንት ተከታይ አለው?» እንላለን። ለመሆኑ ሥጋ ስንገዛ የልኳንዳውን ሰልፍ ብቻ አይተን እንገዛለንን? ሥጋውንስ አናይምን?

የመምህሩን ተከታዮች ከመቁጠር ይልቅ ልጃችንን ሦስት ጥያቄ ብንጠይቅ ይሻላል። መምህርሽ ስምሽን ያውቃል? ስትሳሳቺ ምን ይልሻል? አንድ ቀን ብትቀሪ ይጠይቃል? ልጁ ለእነዚህ ሦስቱ መልካም መልስ ካለው፣ መምህሩ ገጽ ኖረውም አልኖረውም አልሐምዱሊላህ እንበል። ከሌለው ግን የሎሚው መብራት ብቻውን ሩቅ አያደርሰውም።

ለራሳችንም ሌላ ጥያቄ እንጨምር። የመምህሩን መልካም ሥራ አይተን «ባረከላሁ ፊክ» ያልንበት ቀን አለ? ወይስ የምናስተላልፈው የሚያስቀውን ብቻ ነው?

ወደ ልጄ ልመለስ። መምህሩ በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ውስጥ ማን መሆኗን ሳይናገር፣ «የሰው ወረቀት አውጥቼ መሳቄ ስሕተት ነበር» ብሎ ለተማሪዎቹ ተናገረ። ለብቻዋም ጠርቶ ስለ አያቷ ጠየቃት። እርሷ ነገረችው። ይህን ላደረገበት አላህ ይውደደው፤ መምህር በተማሪ ፊት «ተሳሳትሁ» ማለቱ ቀላል አይደለም። ልጄ ግን ወዲያው አልተመለሰችም። ወሰነ ትምህርቱ አልቆ ሌላው ተጀምሯል፤ እጇን የምታወጣው ገና በጥርጣሬ ነው። የቤት ሥራዋ ላይ ግን በቅርቡ ከመጽሐፍ ያልተቀዳች አንዲት ዐረፍተ ነገር አይቼ ደስ ብሎኛል።

ለእናቴ ነገሩን የነገርኋት ዘግይቼ ነው። አፍሬ ነበር። በስልክ ሁሉንም አጫወትኋት። የሳቅነውን፣ የላክሁትን፣ ልጄ ያለችውን። አንዳች የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። እርሷ ግን አልገባትም።

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቀው?» አለችኝ። «ልጅ ቀድሞ ይጠጣል እንዴ?»

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም። ልጄ ለውኃው የጻፈችው መልስ ግማሹ ተሳስቶ ይሆናል፤ ለስልኩ ግን ሁለቱም ልክ ነው። ወደ ልጆቻችን የሚገባውን እናጥልለው። የሚያዩትን ገጽ፣ የሚወዱትን መምህር፣ የሚስቁበትን ነገር ቀድመን እንቅመሰው። ስልኩን ሰጥቶ ዜና ማዳመጥ ልጅን ቀድሞ ማጠጣት ነው። ይህን ያጠፋሁት እኔ ስለሆንሁ እናንተ እንዳትደግሙት አደራ እላለሁ።

አላህ ለልጆቻችን የሚራሩላቸውን መምህራን ይስጣቸው፤ ለመምህራኖቻችንም የሚያስቡላቸውን ወላጆች ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ።